ከዓይኑ ሥር የወጣው ፕላስቲክ

ባሌን ፈረሱ የረገጠው ተጋብተን ነፋስ ስልክ በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ባለጋሪ ነበር፤ ከፉሪ ጭድ ያመላልሳል። ከፈረሱ ሰኮና ውስጥ ጠጠር ሊያወጣ ጎንበስ ሲል ፊቱን መታው። ስደርስ ግራ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አገጩ ወደ ጎን ሄዷል። ጎረቤታችን በዚያው ጋሪ ሆስፒታል አደረሰን።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ስለነበር ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ያስተረጉምልኝ ነበር።

«መንጋጋውን በሽቦ ያስረዋል» አለኝ። «የማይዝግ ሽቦ ነው፤ አይጎዳውም።»

«ዓይኑስ?»

«ዓይኑን ከሥር የያዘው አጥንት ደቋል። በቦታው ስስ ፕላስቲክ ያስገባለታል። ሰውነቱ ከተቀበለው ይድናል።»

«ካልተቀበለውስ?»

የምፈርምበትን ወረቀት አቀበለኝ።

የላይና የታች ጥርሱ ተሳስሮ ወደ ቤት መለሱልኝ። በወለቀ ጥርሱ ክፍተት በቀጭን ጎማ አጥሚት አጠጣው ነበር። የሚፈልገውን በእጁ ያሳየኛል። አንድ ቀን እጄን ይዞ ከዓይኑ ሥር አስቀመጠው፤ ይፋጃል። ቀጠሯችን ከሦስት ቀን በኋላ ስለነበር «ብርድ ይሆናል» ብዬ በሞቀ ጨርቅ ያዝኩለት። ያን ሦስት ቀን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

ሆስፒታል ስንደርስ መግሉ ፈንድቶ ነበር። ሐኪሙ ፕላስቲኩን አወጣው። ድሬሰሩ በሳህን አሳየኝ፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም።

«ሌላ አያስገባለትም?» አልኩት።

«ያመረቀዘ ቦታ ላይ ምንም አይገባም፣ እህቴ።»

ቁስሉ እስኪደርቅ ወራት ፈጀ። ያኔ ሐኪሙ ከዳሌው አጥንት ወስዶ መሞከር እንደሚቻል፣ ግን ዓይኑ ይስተካከላል ብሎ ተስፋ እንደማይሰጠን አስነገረን። ባሌ እንቢ አለ። መንጋጋው ገጥሞ ነበር፤ መናገርም ጀምሯል። ዓይኑ ግን ወደ ታች ሰምጦ ሁሉን ነገር ሁለት አድርጎ ያየዋል። አንድ ጊዜ ጋሪውን ይዞ ወጣና መንገዱ ሁለት ሆኖበት ቦይ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ፈረሱን ለወንድሙ ሰጠው።

ሰው ሁሉ «ነፍሱ ተርፋለች፣ ተመስገን ነው» ይለኝ ነበር። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ጓሮ ይቀመጣል። ልጃችን ስትወለድ እንኳ እንዳትደነግጥ ብሎ ፊቱን አዙሮ ነው ያቀፋት።

ከዓመታት በኋላ «አሁን የተሻለ ነገር መጥቶ ይሆናል፤ እስቲ እንጠይቅ» አልኩት።

«ተይኝ» አለ። «ደግሜ ተስፋ ማድረግ አልችልም።»

ዳግመኛ አላነሳሁበትም።