የእህቴ ተረከዝ

ሰው ቤት ቡና ሲቀርብልኝ ጤና አዳሙን ከስኒው አውጥቼ ማስቀመጫው ላይ አኖረዋለሁ። ባለቤቶቹ ደስ አይላቸውም፤ እኔም ምክንያቱን አልናገርም። አንቺ ስለ ጠየቅሽኝ ልንገርሽ። ያ ሽታ ወደ አንድ የአቡጀዲ መጋረጃ ይመልሰኛል።

ያኔ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ አዲስ ከተማ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ያላት የጭቃ ቤት ነበረችን። አባታችን ከሞተ ቆይቶ ነበር። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ነበር። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ይፈልግ ነበር፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከሁላችንም የምታንሰው እህቴ ገና ሰባት ዓመቷ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋዝ እንድትገዛ ተላከች፤ አስፋልቱን ስትሻገር በቆሎ የጫነ መኪና ገጫት። እኔ ስደርስ ሰው ከቧታል። የፈሰሰው ጋዝ ይሸታል፤ በቆሎው መንገዱ ላይ ተበትኖ ዶሮዎች ይለቅሙታል። እሷ እግሯን ትታ ስለ ጠርሙሱ ታለቅሳለች። «ተሰበረ፤ እማዬ ትቆጣኛለች» ትላለች። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሮ፣ ቆዳውም ክፉኛ ተገሽልጦ ነበር።

ጀሶ ታስራ ከሆስፒታል ስትመጣ እናቴ አቡጀዲ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጥራ በሚስማር መታችና መኝታዋን ጋረደችው። በእኛ ቤት ቁስለኛን የመጣ የሄደው አያየውም። ከፀሐይ የገባ ሰው ጥላ ይጥልበታል፤ ሽቶ የተቀባ ሰው ቁስሉን ያመረቅዘዋል ይባላል። ለዚህ ነው ትራሷ ሥር ጤና አዳም የማይጠፋው፤ እንግዳ ሲገባ አፍንጫዋ ላይ ትይዘዋለች። እንግዳው ከመጋረጃው ወዲህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይማርሽ» ይላል፤ እሷ ከወዲያ «አሜን» ትላለች። ከዚያ እንግዳውም እኛም ወደ ጨዋታችን እንመለሳለን። ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮ እንዳለ እንረሳ ነበር።

ጊዜው ብሔራዊ ውትድርና የመጣበት ነው። አንቺ አልደረስሽበትም። ወንድ ልጅ ያላት እናት በር በተንኳኳ ቁጥር ወደ ልጇ ታያለች። ወንድሜ ዕድሜው ደርሷል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ እሑድ ብርቱካን በዘንቢል ይዞ ሊጠይቀን መጣ። ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

«ልጅቷን አዝሎ ሆስፒታል የሚያመላልሳት እሱ መሆኑን ኮሚቴው ያውቃል» አለ በመጨረሻ። «በእግሯ እስክትሄድ ይቆይ ብለናል። ስትሄድ ግን እናት አገር ትጠራዋለች።»

«እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች እናቴ።

«እስቲ ትንሽ ልያት።»

«ከፀሐይ ነው የመጡት። ጥላ ይጥሉባታል።»

«ጓዲት፣ ይሄ እኮ ኋላ ቀር ልማድ ነው!» ብሎ ሳቀ። እጁን ግን ወደ መጋረጃው አልሰደደም። እሱም እናት ያሳደገችው ሰው ነው።

ጀሶው የወለቀ ዕለት ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር እግሯን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ አየው። «አጥንቱ ገጥሟል። አሁን ትርገጥበት፤ ተረከዟን መሬት ታስነካ» አለን። እቤት ወስደን ስናቆማት ግን ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች። ጎረቤታችን እየሮጠች መጥታ መጋረጃው ጋ ቆመችና «ኧረ እኔ አምስት ስወልድ እንዲህ አልጮኽኩም!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ትንሿ አልሳቀችም።

በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሯን በቅቤ አሸት ነበር። ቀጭን ነበር፤ ቆዳው ከጀሶው የተነሣ ነጣ ብሎ ይቀረፋል። ሳሸው አንድ ነገር ልብ አልኩ። ፊቷን ሳይ ታለቅሳለች፤ እግሯን ሳይ ማልቀሱን ትረሳለች። ጥርጣሬዬ ከዚያ ጀመረ።

ከዚያ ደግሞ የዘይቱኑ ነገር መጣ። ግቢያችን ውስጥ ከበሩ ፈንጠር ብሎ አንድ የዘይቱን ዛፍ ነበር፤ ፍሬው ሲበስል ሽታው ጣፋጭ ነው፤ አይደበቅም። አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ያ ሽታ ከትንፋሿ መጣ።

«ማን ሰጠሽ?»

«ማን ምን ሰጠኝ?»

«ዘይቱን።»

«ሕልም አይተሽ ነው፣ እትዬ።»

መጀመሪያ የጎረቤት ልጆችን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ወንድሜን። በማግስቱ የአፈሩን ወለል ውሃ ረጭቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ ከመኝታዋ እስከ በሩ ትንንሽ ዱካ ታትሟል። የቀኙ እግር ሙሉ ነው። የግራው ጣቶቹ ብቻ ናቸው፤ ተረከዝ የለውም።

እዚያው እንደ ቆምኩ እናቴ ከፋብሪካ ገባች። ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ መጥረጊያ አነሣች። ከመጋረጃው ወዲያ ሁልጊዜ ራሷ ነበር የምትጠርገው፤ እኔ የኔን ጠረጋ ንቃ ይመስለኝና ይከፋኝ ነበር። ያን ዕለት ከበሩ እስከ መኝታው ዱካውን አንድ ሳታስቀር ጠረገችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ይገትርሻል? ሂጂ ውሃ ቅጂ።»

ቀዳሁ።

ትንሿን ብቻዋን ሳገኛት እግሯን እያሸሁ ጠየቅኋት። ጤና አዳሙን በጣቶቿ አሸችና በጆሮዬ ነገረችኝ። «ስሄድ ወንድም ጋሼን ይወስዱታል። ሰውየው ሲል ሰምቻለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለእማዬም።» እግሯን ማሸቴን ቀጠልኩ።

ሊቀመንበሩ እንደገና መጣ። ዘንቢል አልያዘም።

«ጀሶው ከወለቀ ቆየ አይደል?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«እና እስካሁን?»

«ሕፃን ናት። ፈርታለች» አለች እናቴ።

እሱ ወለሉን አየ። «ቤታችሁ ሁልጊዜ እንደ ተጠረገ ነው» አለ። ምስጋና ይሁን ሌላ ነገር፣ ዛሬም ድረስ አላወቅሁትም። ሲወጣ ዘይቱኑ ሥር ቆም ብሎ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ተመለከተና ሄደ።

በቀጠሮዋ ቀን ወንድሜ አዝሏት፣ እኔ ተከትዬ ሆስፒታል ሄድን። እሱ መንገዱን ሙሉ ያሾፍባታል። «አንቺ የበቆሎ ጆንያ፣ ያ መኪና ጥሎብኝ የሄደው አንቺን ነው እንዴ?» ይላታል፤ እሷ ጀርባው ላይ ትስቃለች። ድሬሰሩ ግን እግሯን ሲያይ አልሳቀም። «እየከሳ ነው። ጅማቷ እየተኮማተረ ነው» አለ። «ተረከዟ አሁን ካልወረደ ዕድሜዋን ሙሉ በጣቷ ነው የምትሄደው።»

ስንመለስ ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር፤ ከሐይቁ በኩል የረጠበ ደንገል ሽታ ይመጣል። ቦይ ስንሻገር ወንድሜ አዳለጠው፤ ሊወድቅ ሲል በጉልበቱ ተንበርክኮ ቆመ። ከዚያ በኋላ አላሾፈም። እቤት አስተኝቷት ወደ ዘይቱኑ ሥር ጠራኝ።

«ስንሸራተት በሁለት እግሯ ጎኔን ጨምቃ ያዘችኝ። የታመመ እግር እንዲህ አይዝም» አለኝ።

ወደ ቤቱ በር ዞሬ አየሁ።

«አንቺም ታውቂያለሽ።»

«እማዬም» አልኩት።

ሳቀ። «እንግዲያው የቤቱ ሞኝ እኔ ነኛ!» አለ። ቅጠል በጠሰና በጣቱ አጠቀለለው። «ለምን እንደሆነም ታውቃላችሁ?» ነገርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ ተመለሰ። በጉጠት የመጋረጃውን ሚስማሮች እየነቀለ ኪሱ ውስጥ ጨመራቸው። አቡጀዲው ወደቀና የመስኮቱ ብርሃን በትንሿ ፊት ላይ አረፈ፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቀበሌ ሄጄ ተመዘገብኩ» አላት። «ከእንግዲህ እግርሽ የራስሽ ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴ ጭልፋውን እንደ ያዘች እንግዶች የሚቀመጡበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «ቁርስ ሳትበላ ነው የወጣኸው?» አለችው።

እስኪሄድ ድረስ ትንሿ አላናገረችውም። በሚሄድበት ቀንም እንድትመጣ ብትለመን፣ ብትገሠጽ ከመኝታዋ አልነሣም አለች፤ ጎረቤታችን አጠገቧ ቀረችልን። ምልምሎቹን የሚጭኑት መኪኖች ከቀበሌው አዳራሽ ፊት ለፊት ተሰልፈዋል፤ እናቶች እልል እንዲሉ ታዘዋል፣ ልቅሷቸው ከእልልታው ጋር ተቀላቅሏል። ወንድሜ የመኪናው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነበር። ሞተር ሲነሣ ዓይኑ ከእኛ ራስ በላይ ወዳለ ነገር ሄደ። ዞርኩ። ትንሿ በአዳራሹ አጥር ጥግ፣ ቆርቆሮውን በእጇ እየተደገፈች፣ በባዶ እግሯ እየመጣች ነበር። በጣቷ።

ሊቀመንበሩም አያት። ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ እናቴ ጎንበስ አለና «ይኸው ሄደች» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ወንድሜ የመኪናውን ብረት በመዳፉ እየደበደበ ጮኸ።

«ተረከዝሽን! ተረከዝሽን አስነኪ!»

እሷ ቆመች። አጥሩን ለቀቀች። የግራ ተረከዟን አውርዳ መሬቱን ስትመታው ፊቷ ተጨማደደ፤ ያን ጊዜ በእውነት አሟት ነበር። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ የሚለው ያንኑ ነው።

አልተመለሰም። የት እንደ ቀረ የነገረን የለም።

እህቴ አሁን በከተማው ምሥራቅ በኩል ነው ቤቷ፤ የልጅ ልጅ አይታለች። ስትሄድ ላየ ሰው አንድም ጉድለት የላትም። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሳላያት አውቃታለሁ። የግራ ተረከዟ ሲሚንቶውን ከቀኙ ይልቅ ጠንከር አድርጎ ይመታዋል። ቀስ ብለሽ ርገጪ ብያት አላውቅም።