በኖራ የነጣ ጣሪያ

አባቴ ግራ ጎኑ ሽባ ከሆነ ወዲህ ከአልጋ አልተነሣም። ቤታችን ምን አለሽ ተራ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ጣሪያዋ ከበርሜል ተቆርጦ የተቀጠቀጠ ቆርቆሮ ነው፤ እንዳያፈስ ሬንጅ ተቀብቷል፤ ከሥሩ ኮርኒስ የለውም። የካቲት ላይ ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ውስጥ መቆም አይቻልም። በር ከፍተን እንዳንቀመጥ፣ ከመሳለሚያ በኩል የሚሰማው ተኩስ ሁላችንንም ዘግቶ መዋል አስለምዶን ነበር።

ከእኔ ሌላ አስታማሚ አልነበረውም። ግንባሩ ላይ የማደርገው እርጥብ ጨርቅ ወዲያው ይደርቃል። ምግብ እምቢ አለ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሟች እናቴን መስዬው፣ “ልጅቱ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም እንዴ?” ሲል ስለ ራሴ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ቤት ቀቢ ነበሩ። አባቴን ሊጠይቁ ገብተው ገና ሳይቀመጡ ላብ አጠመቃቸው።

“ሰውዬውን የሚቀቅለው ይሄ ጥቁር ጣሪያ ነው። ኖራ እንቀባው” አሉኝ።

“ይረዳል፣ ጋሼ?”

“አሰብ ስሠራ የነዳጁ ታንከሮች ሁሉ ነጭ ነበሩ። ለውበት መሰለሽ?”

ኖራው እንዳይለቅ ጨው ጨምረው በጠበጡና ሁለት ጊዜ ደራርበው ቀቡት። እኔ ከታች ባልዲ አቀብል ነበር። በማግሥቱ ቀትር ላይ ቆርቆሮውን ከውስጥ ስነካው አላቃጠለኝም። አባቴ ሾርባ ጠጣ። እኔንም በስሜ ጠራኝ።

በአራተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። የምሥራቁ ጦርነት ገና አልበረደም። አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን ብዙ አየው።

“ይሄ ለማን ነው?”

“ለሙቀቱ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። አባቴ ታሞብኝ…”

“ከዚህ እስከ ተክለ ሃይማኖት ያለው ጣሪያ ሁሉ ዝገት ነው። ከሰማይ የሚታየው የእናንተ ብቻ ነው። ምልክቱ ለየትኛው አውሮፕላን ነው?”

ሳቄ ሊመጣ ነበር። የአንደኛውን ጠባቂ ጣት ቃታው ላይ ሳይ ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

“ማነው የቀባው?”

ጋሼ ከደጃቸው፣ “እኔ ነኝ” አሉ። ኮታቸውን እስኪለብሱ እንኳ ሳይጠብቁ ወሰዷቸው።

“እስከ ነገ ጠቁሮ ላግኘው” አለኝ ሊቀመንበሩ፣ ሲሄድ።

ከአንድ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኜ ጣሪያው ላይ ወጣሁና ራሴ አጠቆርኩት። የሠፈሩ ሰው በበር ስንጥቅ ያየኝ ነበር፤ አንድም ሰው ብቅ አላለም። ሙቀቱ ሲመለስ የዘይቱን ሽታ ይዞ ተመለሰ። ከአልጋው በላይ ጆንያ ወጥሬ ውኃ ሳርከፈክፍ እውላለሁ፤ አባቴ እያሳለ ደግሞ ስለ ልጅቱ ይጠይቀኛል። መጋቢት ሳያልቅ አረፈ። ዕድሜው ነው አሉ። ሊሆን ይችላል።

ጋሼ ግንቦት ውስጥ ተፈቱ። ቀኝ እጃቸው ከትከሻ በላይ አይነሣም ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ እሳቸው ቀደሙኝ።

“አባትሽ ሳይሠቃይ አረፈ?”

“አዎ፣ ጋሼ። በእንቅልፉ ነው።”

በእንቅልፉ አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ የራሴን ቤት ስሠራ ጣሪያውን ነጭ አስቀባሁ። ቀቢው ጨርሶ እስኪወርድ ድረስ ግን ደጅ ቆሜ የሚመጣ የሚሄደውን ስጠብቅ ዋልኩ።