ለመምህሬ ጆሮ የተጻፈ ገጽ

የምሠራበት ሱቅ ከልደታ ፍርድ ቤት ብዙም አይርቅም። መስታወቱ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ የኦንላይን አገልግሎት» የሚል የተለጠፈበት፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ የሚቆምበት ጠባብ ክፍል ነው። ሰው ፓስፖርት ለማደስ፣ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት፣ ልጁን ለፈተና ለማስመዝገብ ይመጣል፤ እኛ በኮምፒውተር እንሞላለታለን። ብዙው ግን አንድ ነገር ጎድሎት ይመለሳል። ወይ መታወቂያው ጊዜው አልፎበታል፣ ወይ ኮፒውን ይዞ ዋናውን ቤት ትቶታል። የሱቁ ባለቤት ከወሎ የመጣች ሳቂታ ሴት ናት። ይሄ የሰው መመላለስ አንጀቷን ይበላታል። አንድ ቀን ብድግ ብላ «ድረ ገጽ እንክፈት» አለች፤ ሰው ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ከቤቱ አንብቦ እንዲመጣ።

«ማን ይጽፈዋል?» አልኳት።

«ማን ይጽፈዋል ትላለች እንዴ! በአላህ፣ ምሳ ሰዓት እንኳ መጽሐፍ ላይ ተደፍታ የምትውል ሌላ ሰው እዚህ ቤት አለ?»

ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ አንድ ገጽ፤ ከሥር ደግሞ ለራሴ አንዲት ጥግ ሰጠችኝ። ከጠረጴዛዬ ሆኜ ያየሁትን፣ የሰማሁትን፣ ያነበብኩትን በየሳምንቱ የምጽፍባት ጥግ። ያቺን ጥግ የሰጠችኝን ሴት እስካሁን በቅጡ አላመሰገንኳትም፤ ሳመሰግናት ትስቅብኛለች።

አንድ ጣጣ ግን ነበረብኝ። ትየባ የተማርኩት በድሮው የአማርኛ ፕሮግራም ነው፤ ጣቶቼ ሌላ አያውቁም። በዚያ የተጻፈ ጽሑፍ ከገዛ ኮምፒውተሩ ሲወጣ ይበላሻል። የመጀመሪያ ጽሑፌን አንዲት ደንበኛ በስልኳ ከፍታ ስታሳየኝ፣ የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ተዘርቶበት አገኘሁት። ያን ቀን እህል አልወረደልኝም። ከዚያ መላ መታሁ። በለመድኩት ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ መስመሩን አስተካክላለሁ፣ ግራና ቀኙን እኩል አደርጋለሁ፤ ልክ የመጽሐፍ ገጽ ሲመስልልኝ ስክሪኑን ፎቶ አነሳና ፎቶውን እለጥፋለሁ። ፎቶ ደግሞ የትም ቢሄድ አይበላሽም።

«ያምራል፤ ግን ፎቶ ነው» አለችኝ ባለሱቋ። «ሰው ‹ፓስፖርት ለማደስ ምን ያስፈልጋል› ብሎ ኢንተርኔት ላይ ቢፈልግ፣ ፎቶ ውስጥ ያለውን ማን አንብቦ ያቀብለዋል?»

«ፊደሉ ተበላሽቶ ከሚገኝ ሳይገኝ ይቅር።»

«አይ አንቺ! ሲቀብሩሽም መስመሩ ካልተስተካከለ አልገባም ትያለሽ።»

ለፊደል እንዲህ የሆንኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ማንበብ የተማርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ወረድ ብሎ በነበረ የማታ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። ያስተማሩኝ ሴት ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። እራት አቅርቤ፣ ዕቃ አጥቤ ስሮጥ ሁልጊዜ ዘግይቼ እደርሳለሁ። አንድ ቀን እንኳ «የት ነበርሽ?» ብለውኝ አያውቁም። አምፖሉ ሥር ያለችውን ወንበር ለእኔ ይይዙልኝ ነበር፤ ሌላ ሰው ሊቀመጥባት ሲል «እሷ መንገድ ላይ ናት» ይላሉ። እኔ መንገድ ላይ መሆኔን በዓለም ላይ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያ ድርሰቴን ሲያዙኝ፣ ከየሰው አፍ የለቃቀምኩትን ትልልቅ ቃል ደርድሬ ሄድኩ። ትምህርት ብርሃን ነው፣ ምናምን። አነበቡትና «ዛሬ ስትመጪ ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የመጣሽው?»

«ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ሰውዬ ጎማ እያንከባለለ ሲሄድ አይቻለሁ። ጎማው አምልጦት ቁልቁል ሮጠ።»

«እሱን ጻፊ። መጀመሪያ ያየሽውን፤ ያሰብሽው ኋላ ይደርሳል።»

ዛሬ የምጽፈው ሁሉ የዚያ ጎማ ልጅ ነው።

መምህሬ አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። የዓይን ግፊት ጥቂት በጥቂት ብርሃናቸውን ወሰደው። መጀመሪያ ጋዜጣውን፣ ቀጥሎ ትልልቁን ፊደል፣ በመጨረሻ የሰው ፊት። እሑድ እሑድ ስሄድ ላንብብልዎ እላቸዋለሁ፤ እምቢ ይላሉ። «ሰው ሲያነብልኝ በእሱ እግር ነው የምሄደው። እኔ ደግሞ መቆም እፈልጋለሁ፣ ወደ ኋላ መመለስ እፈልጋለሁ። አሁንም አሁንም ‹ድገሚልኝ› ስል አፍራለሁ።»

ባለፈው ዓመት የእህታቸው ልጅ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ያለበት ስልክ ገዛችላቸው። ጣታቸውን ሲያንሸራትቱ ከነካው መስመር ጀምሮ ያነባል። ለሳምንታት ታገሉት። አንዱ ገጽ ይበላሽባቸዋል፣ ሌላው በማስታወቂያ ይሞላል። አንድ እሑድ ስገባ ስልኩን ሳጥኑ ውስጥ ከተውት አገኘኋቸው።

«ለልደታ በዓል ልጅቷ ስትመጣልኝ እመልስላታለሁ፤ አገር ቤት ሄዳለች። ለሚያይ ሰው ትስጠው» አሉ። ከዚያ ስልኩን ከሳጥኑ አውጥተው፣ «ግን አንቺ የምትጽፊበት አለ አይደል? እሱን ልሞክር። ያንቺ ካልተነበበልኝ የማን ሊነበብልኝ ነው?»

ኮራሁ። ገጹን ከፈትኩላቸው፤ ጣታቸውን አንሸራተቱ።

«ምስል» አለ ስልኩ።

እንደገና አንሸራተቱ። «ምስል።» ሦስተኛ። «ምስል።»

«ምነው ልጄ፣ ጽሑፍ ትተሽ ሥዕል ጀመርሽ እንዴ?» አሉ እየሳቁ። ግን ስልኩን ቀስ ብለው በፊቱ ደፉትና እጃቸውን ከላዩ አነሱ። ያ እጅ ነው ቤቴ ድረስ የተከተለኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ሴት ደጃፍ ላይ፣ አንድ ፊደል የሌለበት ገጽ ይዤ ሄጃለሁ። ለልደታ የቀረው ጥቂት ነው፤ ያ ስልክ ከተመለሰ ደግሞ ንባብ ከእሳቸው ቤት ለዘላለም መውጣቱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ለባለሱቋ ነገርኳት። ነግሬሽ ነበር ልትለኝ አፏን ከፍታ፣ ፊቴን አየችና ዘጋችው። አዲሱን የትየባ ዘዴ አስጫነችልኝ፤ በሁሉም ስልክ ላይ ሳይበላሽ የሚነበበውን። ጣቶቼ እንደገና የማታ ተማሪ ሆኑ። «ለ»ን ስፈልግ ሌላ ይወጣል፤ «አይዞሽ ሆዴ፣ ዛሬም መንገድ ላይ ነሽ» ትለኛለች። የመምህሬን ነገር ነግሬያት ኖሮ ይዛብኛለች።

የጻፍኩትን ሁሉ አንድ በአንድ መልሼ ጻፍኩ። ስጨርስ ባለሱቋ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጠምጥማ ወንበሯ ላይ ተደላደለችና ያንኑ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም በስልኳ ከፈተች። «እስቲ እኔ መምህርሽን ልሁን።» በዚህ መሀል አንድ ደንበኛ በሩን ከፍቶ ደነገጠ።

«ምን ሆነች?»

«እያነበበች ነው» አልኩት።

«ዝም በሉ! ሰውዬ፣ ዋናውን መታወቂያ ይዘሃል?» አለች ከነጠላው ሥር። ሰውየው አልያዘም ነበር።

ስልኩ ትንፋሽ ሳይወስድ ከላይ እስከ ታች ጋለበ። ለካ እኔ አራት ነጥብ የምለው ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቼ ያስጠጋሁት ነው፤ ለዓይን አንድ ይመስላል፣ ለስልኩ ግን ማቆሚያ አይደለም። እያንዳንዱን ቀየርኩ። ርዕሶቼን ፊደሉን በማወፈር ብቻ ነበር የለየሁት፤ በሥርዓቱ ርዕስ ተብለው ካልተመዘገቡ ዓይነ ስውር ከርዕስ ወደ ርዕስ መዝለል አይችልም። በየቦታው «እዚህ ይጫኑ» ብዬ ነበር፤ ለሰሚ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ» ይሆናል፤ የት እንደሚወስድ በስሙ ጻፍኩት።

ዛሬ ገጽ ልክፈት የሚል ሰው ሱቃችን ሲመጣ ይህንኑ ነው የምነግረው። ማስዋቡን ኋላ ያድርሰው። መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ ገጹን ያዳምጠው፤ ለማያይ ሰው የተመቸ ገጽ፣ ዳታው ላለቀበትም፣ ስልኩ ላረጀበትም፣ ለሚቸኩልም ይመቻል። ደግሞ የጻፈውን ቅጂ ሌላ ቦታ ያስቀምጥ። እኛም የልፋታችንን አገኘን፤ ሰው ጽሑፋችንን ፈልጎ እያገኘ፣ ወረቀቱን አሟልቶ መምጣት ጀመረ። አንዷ «ኢንተርኔት ላይ ያላችሁትን ሁሉ ይዣለሁ» ብላ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረግፍ፣ ባለሱቋ ሴትዮዋን አቅፋ ሳመቻት።

ከልደታ በፊት በነበረው እሑድ መምህሬ ቤት ገባሁ። ስልኩ ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል።

«ምስል ነው?» አሉኝ።

«ይሞክሩት፣ እትዬ» ብዬ ስልኩን አውጥቼ ገጹን ከፈትኩላቸው።

አንሸራተቱ። ስልኩ በዚያ ደረቅ ድምፁ የእኔን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ፤ አንዲት ባልቴት በሱቃችን ፎቶ ስትነሳ «አታስቂኝ፣ ለመንግሥት ነው» ያለችኝን። መምህሬ ጭንቅላታቸውን አዘነበሉ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸውን ወደ ኋላ መለሱና ያንኑ አንቀጽ ደገሙት። ልናገር ስል እጃቸውን አነሱ።

«ዝም በይ፤ እያነበብኩ ነው።»

ስንት ዓመት ያልሰማሁት ቃል ነው። ወንበሬ ላይ ሆኜ እንባዬን ዋጥኩ፤ ደግነቱ አያዩኝም። ግን ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ «ሶፍት እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለ» አሉኝ ሳይዞሩ።

ከዚያ ስልኩ «የልደታ ፎቶ» አለና ቆመ። ገጹ ግርጌ ላይ የለጠፍኳት አንዲት ፎቶ ቀርታ ነበር፤ ማብራሪያዋን የጻፍኩት በችኮላ ነው።

«የልደታ ፎቶ ምን ማለት ነው?» አሉ መምህሬ። ድምፃቸው የማታውን ክፍል ድምፅ ሆነ። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው ያነሳሽው?»

«ከእርስዎ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው ያነሳሁት።»

ዓይናቸው ከመጥፋቱ በፊት ማታ ማታ የሚቀመጡባት በረንዳ ናት። እዚያው ሆኜ በቃል ልነግራቸው ጀመርኩ፣ መንገዱን፣ ታክሲውን። አቋረጡኝ።

«ለእኔ አትንገሪኝ። ጻፊው። ራሴ አነበዋለሁ።»

ሰኞ ሱቅ ስደርስ ፎቶዋን ከፍቼ ብዙ አየኋት። ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ፦ «ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወደ ታች የታየ መንገድ። በግራ አጥሩ ጥግ ፋይል ደረታቸው ላይ ያቀፉ ሰዎች ቆመዋል። ሰማያዊና ነጭ ታክሲ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ የረዳቱ አንድ እግር መሬት ላይ ነው። ፊት ለፊት ካለው ሕንጻ በረንዳ ቀይ ብርድ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ ከዳሩ ውኃ ይንጠባጠባል። በሕንጻዎቹ መሀል የባቡሩ ድልድይ ይታያል፤ ባቡር የለበትም።»

ልደታ መጣ፣ አለፈ። የእህታቸው ልጅም ከአገር ቤት ተመለሰች፤ ስልኩ ግን አልተመለሰላትም። በማግስቱ ባለሱቋ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጠራችኝ። «ነይ እይ፣ አስተያየት መጥቶልሻል። ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

በድምፅ የተነገረ፣ ስልኩ ራሱ ወደ ጽሑፍ የለወጠው አስተያየት ነበር፦ «ብርድ ልብሱን አውቀዋለሁ። የጎረቤቴ ነው፤ ሳትጨምቅ ነው የምታሰጣው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሁን ደግሞ ባቡሩ ሲያልፍ አንሺና ሌላ ጻፊ።»

«እትዬ ናቸው» አልኳት። «ማንበብ ያስተማሩኝ።»

ባለሱቋ ወንበሬን ከጠረጴዛው ሳበችና ስልኬን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሱቁን እኔ አለሁለት። ተነሺ፣ ባቡሩ ያመልጥሻል።»