የኮልማን ጫማና የቱርሎ አህያ

ኮልማን ጫማ ሰፊ ነው። አባቶቹ ግን ጫማ አጥላቂዎች ነበሩ። የኦድራናን ጎሣ ከባሕሩ እስከ ሐይቁ በሚገዛበት ዘመን፣ አዲሱ አለቃ በሹመቱ ቀን ኮረብታው ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ የኮልማን አባቶች ተንበርክከው ጫማ ያጠልቁለታል፤ እሱም ፈረሱን ይሸልማቸዋል። በኋላ እንግሊዞች መሬቱን ቀሙ፤ ጎሣው ተበተነ፤ ድንጋዩም የላሞች ማከኪያ ሆነ። ከአለቆቹ ዘር እዚያ የቀረው ድንች ገበሬው ቱርሎ ብቻ ነው።

በአንድ የብርድ ወራት የቱርሎ ጫማ ተቀዶ ጣቶቹ ይታዩ ጀመር። ኮልማን አዲስ ሰፍቶ ቢወስድለት፣ “ምጽዋት ለመንኩህ?” ብሎ በሩን ዘጋበት።

ኮልማን ሲያስብ ሰነበተ። እሑድ ቱርሎ ከቅዳሴ ሲመለስ ጫማውን ይዞ ኮረብታው ላይ ጠበቀው።

“ና፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥ።”

“አበድክ እንዴ ሰውዬ? ረጥቧል እኮ!”

“አያቶችህም ረጥቦ ነው የተቀመጡበት። ይሄ ስጦታ አይደለም፤ የቤተሰቤ ሥራ ነው። ሰባ ዓመት ሞላኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳልሠራው ልሙት?”

ቱርሎ ድንጋዩን በእጅጌው ጠርጎ ተቀመጠ። ኮልማን እያቃሰተ ተንበርክኮ አጠለቀለት።

“ልክህ ነው?”

“ግራው ትንሽ ይጠባል” አለ ቱርሎ ደረቱን ነፍቶ። “በል፣ ፈረስ ስለሌለኝ አህያዬን ውሰድ።”

ኮልማን እምቢ አላለም። አህያው ግን ማታ ማታ ወደ ቱርሎ በረት ይመለሳል። ቱርሎም ጠዋት ጠዋት በአዲሱ ጫማ እየነዳ ያመጣና፣ “ሽልማትህን ጠብቅ እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ!” እያለ ከኮልማን ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል።