ባራዛ ላይ ብቻዋን የወጣች እጅ

በደርግ ጊዜ ናይሮቢ ከገባው ስደተኛ መካከል ስለ ዴሞክራሲ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ነበር የሚል ካለ ጆሮዬ ይቆረጥ! ሁርሊንግሃም መንገድ ዳር፣ እትዬ ከምንላቸው የአገራችን ሴት የጣውላ ኪዮስክ ፊት ተቀምጬ ደርግን በቀን ሦስቴ እገለብጠው ነበር። የሚሸጡልን ምስር ወጥ ተቃጥሎ ሌላ እስኪሠሩ አራት ጊዜም ገልብጬው አውቃለሁ።

አንድ ቀን ኪዮስኮቹ ሊፈርሱ ነው ተባለ። ላቪንግተን ሰፈር የሚኖሩ ባለቪላዎች ማኅበር አላቸው፤ «መንገዱ ቆሸሸ» እያሉ የከተማውን ሹማምንት ደጅ ሲጠኑ ከርመዋል። የእነሱ ውሻ ሽቶ ነው የሚጥለው፣ የሚያቆሽሸው የእትዬ ምስር ነው! እትዬ በዚያች ኪዮስክ ነው ሦስት ልጆች የሚያስተምሩት። ሌላ ምንም የላቸውም።

ጎረቤታቸው፣ ጎመን የምትሸጥ ኬንያዊት፣ አላለቀሰችም። ኪዮስክ ለኪዮስክ ዞረች። «ዲዋኒው ባራዛ ይጥራ» አለች። ዲዋኒ የሰፈሩ ተመራጭ ነው፤ ባራዛ ደግሞ የሰፈር ስብሰባ። «ደንበኞቻችሁን ይዛችሁ ኑ!» ኬንያም ያኔ ፓርቲዋ አንድ ነው፤ ስለ እሱ ጮክ ብሎ አይወራም። ዲዋኒው ግን ያለ ድምፅ ወንበሩን አያገኝም።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ በቀን ሦስቴ መንግሥት ትገለብጥ የለ? እስቲ አንድ ቀን ለእኔ ተናገርልኝ።»

«በእኔ ይጣሉት፣ እትዬ!»

ጓደኞቼን ለመንኳቸው። በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ድርጅት ያቋቋሙ ጎበዞች ናቸው። «የአገር ጥያቄ እያለ ለኪዮስክ?» አሉኝ፣ የእትዬን ምስር እየጠረጉ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ጥርሴን ያፋጨኛል።

ባራዛው ዛፍ ሥር ነበር። ዲዋኒው ስለ ከተማ ውበት ለፈለፈ። ጎመን ሻጯ ተነሳች። «ልጄን አዝዬ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ ነው የመረጥኩህ» አለችው። «ሌላ ምርጫ ደግሞ ይመጣል። የመረጡህ ሰዎች ምሳቸውን የሚበሉት እኛ ጋ ነው።» ሴቶቹ ተከታተሉ፤ እኔ ገና አልተነሳሁም። ዲዋኒው ላቡን ጠረገ። ሹም በሕዝብ ፊት ሲያልበው ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እኛ አገር የሚያልበው ሕዝቡ ነበር።

በመጨረሻ «እንግዲህ እጅ እናውጣ» አለ። «ኪዮስኮቹ ይነሱ የሚል?»

አንዲት እጅ ብቻ ወጣች። የእኔ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እኔ አላወጣኋትም! ቀበሌ ነው ያሠለጠናት። ከቀበሌ ስብሰባ የቀረ ስኳር የለውም፤ የሄደ ደግሞ «የሚደግፍ?» ሲባል እጁን ይሰቅላል። «የሚቃወም?» የሚባለው ለማስመሰል ነው። አንድ ጎረቤታችን ስለ ሰፈራችን ቦይ አንዲት ጥያቄ ጠየቀ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሚስቱ ብቻዋን መጣች። እሷም እጇን አወጣች። እነዚያ ወንበዴዎች ቤት ወረሱ፣ ሰው ፈጁ፤ ይባስ ብለው እጄን ሰርቀው ናይሮቢ ድረስ ተከትለውኝ መጡ!

«አንተ! አውርድ!» አሉ እትዬ በቁንጥጫ።

ዲዋኒው ግን አይቶኛል። «ይኸው፣ ደንበኛቸው እንኳ ይነሱ ይላል!»

እትዬ ተናጋሪያቸውን ትተው ራሳቸው ተነሱ። በተሰባበረ ስዋሂሊ «ይሄ ሰውዬ የሚበላው በዱቤ ነው፤ ኪዮስኩ ቢፈርስ ደስ ይለዋል» አሉ። ባራዛው በሳቅ ፈረሰ። ዲዋኒውም ሳቀ፤ የሳቀ ሹም ደግሞ ማፍረስ ይከብደዋል።

«እሺ፣ አይነሱ የሚል?»

የእጅ ደን በቀለ። ኪዮስኮቹም ተረፉ።

የመጀመሪያውን እጅ ጥፋት ለቀበሌ ሰጥቻለሁ፤ ልማድ ነው። ሁለተኛውን ግን ለማንም ልሰጠው አልችልም። «አይነሱ የሚል?» ሲባል እጄ የት እንዳለች አውቅ ነበር፤ ጉልበቶቼ መሀል አጥብቄ ይዣታለሁ። እትዬ አጠገቤ ናቸው፣ ሰው ሁሉ አውጥቷል፣ የሚያስረኝም የለም። አላወጣሁም። ፈርቼ ነው።