የገዥው አወዳደቅና የአባቴ ጥያቄ

ሆላንድ ውስጥ፣ ሄግ ከተማ ለማስተርስ ዲግሪዬ የጻፍኩት ስለ አንድ የአሜሪካ ግዛት ገዥ አነሳስና አወዳደቅ ነበር። ሙስናን አጠፋለሁ ብሎ የተመረጠው ሰውዬ፣ የመንግሥትን ሥራ ለወዳጆቹ ሲያድል ተደርሶበት እያለቀሰ ሥልጣኑን ለቀቀ። ጽሑፌን የማቀርብ ዕለት፣ ሊጠይቁኝ ከወሎ የመጡት አባቴም ከምኖርበት ከሮተርዳም አብረውኝ መጡ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ የገዥውን ታሪክ ባቡር ውስጥ አጫወትኳቸው።

ንግግሬን ስጨርስ አባቴ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ሰውየው ከወረደ በኋላ ጎረቤቶቹ ሰላም ይሉት ነበር?» አሉኝ በአማርኛ።

ጥያቄውን ለታዳሚው ተረጎምኩና ብዙዎች እንደሸሹት ተናገርኩ። አስተማሪዬ ግን አባቴን እያየች፣ «ይህን ለምን ጠየቁ?» አለችኝ።

እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ የወረዳ አስተዳዳሪ ነበሩ። የገበሬውን የግጦሽ መሬት ለአንድ ባለሥልጣን ዘመድ አልሰጥም በማለታቸው ከሥራ ተባረሩ። በማግስቱ ገበያ ሲወጡ እጃቸውን ይዤ ነበር። ሻጩም ገዢውም ከተቀመጠበት እየተነሣ ሰላም አላቸው። እኔ ትልቅ ሰው ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ይህንኑ ለአዳራሹ ተናገርኩ። ሰዎቹ ወደ አባቴ ዞረው አጨበጨቡ።

«ምን ብለሽ ነው?» አሉኝ አባቴ ግራ ገብቷቸው።

«የእርስዎን ታሪክ ነግሬያቸው ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያውስ ጨርሰሽ ንገሪያቸው» አሉ። «መሬቱ ዛሬም የገበሬው ከብት ይሰማራበታል።»