ፊት እስኪለይ

ከመካነ ሰላም መውጫ፣ መንገዱ ዳር፣ የዳቦ ቆሎ ቋጠሮ ይዛ የምትቆም አንዲት ሴት አለች። ልጇን ከገበያ አፍሰው ለውትድርና ሲወስዱት ስንቅ እንኳ አልያዘም። ጎረቤቶቿ ነጠላሽን ለሐዘን አዘቅዝቂ ቢሏትም አጣፍታ ትወጣለች። ወታደር የጫነ መኪና ሲመጣ ትጠጋለች፤ አቧራ አልብሷት ያልፋል።

አንድ መኪና የቀበሌያችንን በጎች ጨፍልቆ ስለሄደ፣ የፍጥነት ልክ ልንወስን ተሰበሰብን። እሷም እጇን አወጣች።

“አንቺስ በምን ያህል ይሂድ ትያለሽ?” አላት ሊቀ መንበሩ።

“የተጫነው ሰው ፊቱ እስኪለይ።”

“እናት ዓለም፣ የተሰበሰብነው ለበጎቹ ነው! በግ ሮጦ የሚያመልጥበት ልክ ይበቃል።”

ሁሉም ሳቀ። ሠላሳ ተባለ።

ምልክቱ ሲተከል፣ በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት እኔ አነበብኩላት።

“ሠላሳ ፊት ያሳያል?” አለችኝ።

“እንጃ እቴ” አልኳት።

ቅዳሜ አብሬያት ቆሜ ሳለሁ ወታደር የጫነ መኪና ምልክቱን እንዳላየ እየበረረ መጣ። ቋጠሮዋን ወደ ላይ ዘረጋች። ከላይ አንድ እጅ መንጭቆ ወሰደው፤ የተጫኑት እየሳቁ አለፉ። ባዶ እጇን እንደዘረጋች ወደ እኔ ዞረች።

“እህቴ፣ የወሰደውን ልጅ ፊቱን አየሽው?”